ሞንቴጎ ቤይ ላይ ምን ገዝተን ይዘን እንሂድ? ጾመኛ እናትና ሁለት ልጆች ላሉበት ቤተሰብ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ዲሲ አካባቢ ነው። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ከዲሴምበር 22 እስከ 29 ጃማይካ፣ ሞንቴጎ ቤይ ልንሄድ ነው። የተከራየነው ክፍል ትንሽ ማቀዝቀዣና ማይክሮዌቭ እንጂ ምድጃ የለውም። በቀን ሦስት ጊዜ ምግብ ቤት መቀመጥ ኪሳችንም አይችለው፣ ልጆቹም አይቀመጡልን። ልጆቼ 11 እና 6 ዓመታቸው ነው፤ ትንሹ የሚያቃጥል ነገር አይነካም። እናቴም አብረውን ናቸው። የገናን ጾም ይጾማሉ፤ እስከ 9 ሰዓት ምንም አይቀምሱም። አሳማ ማናችንም አንበላም። ቶሎ ገዝተን ወደ ባሕሩ ወይም ወደ ክፍላችን ይዘነው የምንሄደው ምን አለ?»

መልስ፦

እህቴ፣ ሰላም ላንቺና ለቤተሰብሽ። ሞንቴጎ ቤይ በሆቴል ወጥ ቤት ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ ከአሜሪካና ከካናዳ የሚመጡ ያገራችንን ሰዎች ጉዞ አሰናዳለሁ። ያንቺን ጥያቄ የሚመስል በየዓመቱ ይደርሰኛል፤ እናትና ልጅ አንድ ላይ ጾምና ፍስክ የያዙበት ሲሆን ግን በደንብ መመለስ እፈልጋለሁ። ያለ ዝግጅት የሄዱ ጾመኞች ሳምንቱን ሙሉ ድንች ጥብስና ሙዝ ሲበሉ አይቼ በጣም ያሳዝነኛል። ያቺ ደሴት እኮ ለጾመኛ የተሠራች ያህል ናት። ሰዓቱን ሁሉ የምጽፈው በኛ አቆጣጠር ነው፤ 6 ሰዓት ስል ቀትር ማለቴ ነው። ቀኑና ዓመቱ ግን በፈረንጆቹ ነው።

ከሁሉ በፊት ይህን ያዢልኝ፤ ጃማይካ ውስጥ ይዘውት የሚሄዱት ጥሩ ምግብ ሰዓት አለው። ጠዋት የሚሸጠው ምሳ ሰዓት ላይ የለም። ምሳው 8 ሰዓት ካለፈ ድስቱ ተገልብጦ ታጥቧል። ማታ ደግሞ ቀን ባዶ የነበረው የመንገድ ጥግ በጭስ ይሞላል። ቱሪስት የሚሳሳተው በራቡት ሰዓት ስለሚወጣ ነው፤ ያኔ ክፍት ሆኖ የሚያገኘው የባሕሩ ዳርን ውድ ምግብ ቤት ብቻ ነው። የአገሬውን ሰዓት ከያዝሽ ግን ግማሽ ባልሞላ ዋጋ የተሻለ ትበያለሽ።

ለልጆቹ በቀላሉ የምታገኚው ፓቲ ነው። ፓቲ ማለት የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው፣ ቢጫ ሊጥ ውስጥ የተፈጨ ስጋ ተሞልቶ በምድጃ የሚጋገር ነው። ሳምቡሳ ከሚያውቅ ሰው ጋር ቶሎ ይግባባል፤ የሚለየው በዘይት ባለመጠበሱና ሊጡ ስትነኪው የሚፈረፈር በመሆኑ ነው። የሊጡ አሠራር ከእንግሊዝ የመጣ ነው፤ ካሪውና ዕርዱ ከ1845 ጀምሮ ለእርሻ ሥራ ከመጡት ሕንዶች፤ የሚያቃጥለው ቃሪያ የደሴቲቱ። በመላ አገሪቱ ቅርንጫፍ ያላቸው ሁለት ትልልቅ ፓቲ ቤቶች ቴስቲና ጁሲ ፓቲስ ናቸው። ቴስቲ የተከፈተው በ1966 ነው፤ ጃንሆይ ኪንግስተን በገቡበት ዓመት ማለት ነው። ሁለቱንም መሀል ከተማ ታገኛቸዋለሽ፤ ሰልፉ ቢረዝምም ቶሎ ይሄዳል። ዋጋው ለአንዱ ሁለት የአሜሪካ ዶላር አካባቢ ነው።

በቀጭን የወረቀት ከረጢት ይሰጡሻል፤ ገና መንገድ ሳትሻገሪ ወረቀቱ ብርቱካንማ ቅባት ይጠጣል። ልጆቹ እንዳይጣደፉበት ተጠንቀቂ። ውስጡ እንደ ወፍራም ወጥ ስለሆነ ሊጡ ቀዝቅዞም መሙያው ይፋጃል። ጫፏን ቆርሰሽ እንፋሎቷ እስክትወጣ ጠብቂና ስጫቸው። ለትንሹ ልጅ የማያቃጥለውን ስጪኝ በይ። የበሬው በሁለት ዓይነት ይሠራል፤ የሚያቃጥልና ለዘብ ያለ። የዶሮም አለ። ትልቁን ከራበው ደግሞ እንደ አገሩ ልጆች ፓቲውን ኮኮ ብሬድ በሚሉት ለስላሳ እጥፍ ዳቦ ውስጥ ከተሽ ስጪው፤ አንዱ ብቻ እስከ ማታ ይዞት ይውላል።

እዚህ ላይ የእናትሽን ነገር ላንሳ። «የአትክልት ፓቲ» የሚል ሰሌዳ ላይ ታያለሽና ለእሳቸው ትገዢ ይሆናል። ሳትጠይቂ አትግዢ። በድሮው አሠራር ሊጡ የሚታሸው በከብት ስብ ነው፤ መሙያው ጎመን ቢሆንም ሊጡ ከበሬው ፓቲ ጋር አንድ ሊሆን ይችላል። ኮኮ ብሬድም ስሙ ኮኮናት ይምሰል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ወተትና ቅቤ አለበት። የሊጡን ቅባት ምንነት ጠይቂ፤ ሻጯ ካላወቀች ይለፍሽ። አንዲት እናት ሦስት ቀን ሙሉ የአትክልት ፓቲ ሲበሉ ቆይተው ስቡን በአራተኛው ቀን ሲሰሙ ያለቀሱትን አልረሳም። ያን ጊዜ አልነገርኳቸውም ነበርና ጥፋቱ የኔ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ጃማይካዊ ምሳውን የሚገዛው ኩክሾፕ ከሚሉት ትንሽ ምግብ ቤት ነው። አንድ ሁለት ሴቶች ጠዋት ትልልቅ ድስት ጥደው ያበስላሉ፣ ከ5 ሰዓት ተኩል ጀምሮ በክዳን ሳጥን እየሞሉ ይሸጣሉ፣ ሲያልቅ ይዘጋሉ። አብዛኛው ቤት ግድግዳው ላይ የዕለቱን ምግብ በጠመኔ ጽፎ ይሰቅላል። ሳጥኑ ትንሽና ትልቅ አለው። ትንሹ እንኳ ለአንድ ሰው በቂ ነው፤ ትልቁን ሁለቱ ልጆች ተካፍለው ይጠግባሉ። ዋጋው የባሕር ዳሩ ምግብ ቤት አንድ ሳህን ከሚያስከፍልሽ ግማሽ አይሞላም።

ሳጥኑ ውስጥ ከታች ሩዝ በቦሎቄ አለ። እነሱ ራይስ ኤንድ ፒስ ይሉታል፤ ፒስ ያሉት አተር ሳይሆን ቀይ ቦሎቄ ነው፣ ሩዙም የበሰለው በኮኮናት ወተት ነው። ከላይ ወጡ ይደፋበታል። ለትንሹ ልጅ ብራውን ስቱ የተባለውን ዶሮ አዢለት፤ ዶሮው በተቃጠለ ስኳር ቡናማ ሆኖ በመረቅ የሚበስል ነው፣ ጣፈጥ ይላል፤ ቃሪያ የሚጨምሩበትም ስላሉ ግን ያቃጥል እንደሆነ ጠይቂ። የተጠበሰ ዶሮም ሁሉም ጋ አለ። ለትልልቆቹ የፍየል ካሪ እመርጥላችኋለሁ። የኛን ቅቅልና አልጫ ለለመደ ምላስ ይስማማል። ሆኖም ስጋውን ከነአጥንቱ ከትክተው ስለሚያበስሉት ለልጆቹ ስትሰጪ ስንጣሪ አጥንቱን ልቀሚላቸው።

የትኛው ኩክሾፕ ጥሩ እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? በሰልፉ። የባንክ ሠራተኞች፣ ነርሶች፣ ዩኒፎርም የለበሱ የሆቴል ሠራተኞችና የታክሲ ሾፌሮች የተሰለፉበት ቤት ድስቱ በየቀኑ ያልቃል፤ ያደረ አይሸጥም። እኔ ሆቴል ስሠራ የእረፍት ሰዓታችን ሲደርስ እንግዶቻችን ወደሚቀመጡበት ሳይሆን ከኋላ በር ወጥተን ወደነዚህ ቤቶች ነበር የምንሄደው። ክፍላችሁን የምታጸዳውን ሴት «አንቺ ምሳሽን ከየት ነው የምትገዢው?» ብለሽ ጠይቂያት። «ጥሩ ምግብ ቤት የት አለ?» ብለሽ ከጠየቅሻት ለቱሪስት የሚነገረውን ነው የምትነግርሽ።

የናትሽ ችግር ከዚህ ይጀምራል፤ እሳቸው አፍ የሚከፍቱት 9 ሰዓት ላይ ነው፣ የኩክሾፑ ድስት ደግሞ በ8 ሰዓት ባዶ ነው። ስለዚህ የሳቸውን ሳጥን ከልጆቹ ጋር አብረሽ በ6 ሰዓት ግዢው፤ ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ ግን አታስቀምጪው። ሩዝና ቦሎቄ ሙቀት ላይ ሲቆይ ይበላሻል፣ ሽታውም ሳይለወጥ ሆድ ያሳምማል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ማቀዝቀዣ ይግባ፣ 9 ሰዓት ላይ በማይክሮዌቩ በደንብ ይጋል፤ ሲያጨስ እንዲታይ። ክፍላችሁ ሩቅ ከሆነ አንድ ለስላሳ የበረዶ ቦርሳ ከቤት ይዘሽ ሂጂ፤ ከዚህ ጉዞ ዕቃሽ ሁሉ በላይ ይጠቅምሻል።

ሳጥናቸው ውስጥ ምን ይግባ? ሻጯን ስጋና መረቅ እንዳይነካው ብለሽ አስቀድመሽ ንገሪያትና እነዚህን አስጨምሪ፦ ካላሉ፣ የተቀቀለ ወይም ጠበስ ያለ ጥቅል ጎመን፣ የተጠበሰ ብስል ፕላንቴን (በስሎ የሚበላ ትልቅ የሙዝ ዓይነት)፣ የተቀቀለ ቦዬና ጥሬ ሙዝ። ካላሉ ያው ጎመን ነው ብትያቸው ይደሰታሉ፤ በሽንኩርት፣ በቲማቲምና በጦስኝ የሚጠበስ ቅጠል ነው፣ ስትቀምሺውም እናትሽ ቤት የገባሽ ይመስልሻል። ቦዬውንና ሙዙን በጠቅላላው ‹ፉድ› ብቻ ነው የሚሉት፤ ሻጯ «ፉድ ይጨመር?» ካለችሽ እሱን ማለቷ ነው። የኮኮናት ወተት ሲባል እማማ እንዳይደነግጡ አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ ከፍሬው የሚጨመቅ ነው፣ ከላም የመጣ ነገር የለበትም።

ሦስት ነገር ግን መጠየቅ ግድ ነው። አንደኛው ሩዙ ነው። አንዳንድ ቤት ለጣዕም በጨው የተቀመጠ የአሳማ ጅራት ወይም የበሬ ስጋ ድስቱ ውስጥ ይጨምራሉ፤ ቅቤ ጣል የሚያደርጉም አሉ። ይህ ለእናትሽ ብቻ ሳይሆን ለሁላችሁም ነው። ሁለተኛው ካላሉውና ጎመኑ ነው፤ በጨው የደረቀ ዓሣ ተቀላቅሎበት ሊሆን ይችላል። የዓሣውን ነገር እሳቸውና የንስሐ አባታቸው ያውቃሉ፤ ያንቺ ሥራ መኖሩን መንገር ነው። ሦስተኛው ገንፎው ነው። ጠዋት ጠዋት የሚሸጠው የኦቾሎኒና የበቆሎ ዱቄት ገንፎ መዓዛው ያስጎመጃል፤ አብዛኛው ግን ጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ይገባበታል። ለልጆቹ ቁርስ ግን ከዚያ የተሻለ አላውቅም፤ በትልቅ የወረቀት ኩባያ ተሞልቶ ይሰጥሻል፣ እየጠጡ ይሄዳሉ።

አሳማ አንበላም፣ እሳቸው ደግሞ ይጾማሉ ብሎ ማስረዳት ይከብደኛል ብለሽ አትጨነቂ። ጃማይካ ውስጥ አድቬንቲስቶች፣ ቅዳሜን የሚያከብሩ ፕሮቴስታንቶች ማለት ነው፣ ብዙ ናቸው፤ አሳማ አይበሉም፣ ከነሱ መካከል ስጋ ጭራሽ የማይቀምሱም አሉ። ራስታዎቹም አሳማ አያስነኩም። ስለዚህ ሻጭዋ ያንቺን ጥያቄ በሳምንት ሃያ ጊዜ ትሰማዋለች፤ ቅር አይላትም። ከጥያቄው በፊት ግን ሰላምታውን አትርሺ። ሱቅ ገብቶ ሰላም ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ እዚያ አገር እንደ ብልግና ነው የሚቆጠረው። ወረፋ ላይ ስትደርሺ ለቆሙት ሁሉ «እንደምን አደራችሁ» በይ፤ ከዚያ በኋላ ድስቱን ከፍተው ያሳዩሻል። ይህን ለኛ ሰው መንገር የማያስፈልግ ይመስለኝ ነበር። አሜሪካ ብዙ ዓመት የኖሩ ወገኖቻችን ግን በጥድፊያ ለምደው ሲያስቀይሙ አይቻለሁ።

እናትሽን በእውነት የሚያስደስታቸው ኢታል ነው። ኢታል የራስታዎች ምግብ ነው፤ ስጋ የለም፣ ወተት የለም፣ እንቁላል የለም። ብዙዎቹ ጨውም አይጨምሩም፤ ጨምረውም እጅግ ጥቂት ነው። አንዱን ድስት ልንገርሽ። የኮኮናት ወተት ይፈላል፤ ቀይ ቦሎቄ፣ ዱባ፣ ካሮት፣ ቦዬና በእጅ የተድቦለቦለች ትንንሽ የዱቄት ሊጥ ይገባበታል፤ ጦስኝ ከነግንዱ፣ የሽንኩርት ቅጠል፣ ፒሜንቶ የሚሉት ቁንዶ በርበሬ መሳይ ፍሬ። ከላይ ስኮች ቦኔት የሚሉት እጅግ የሚያቃጥል ቃሪያ አንድ ሙሉ ሳይሰነጠቅ ይንሳፈፋል። ቃሪያው ካልፈነዳ መዓዛውን ብቻ ሰጥቶ ይወጣል፤ አብሳዩ በማንኪያ ሲያማስል በዙሪያው ነው የሚዞረው፣ አይነካውም። ስለዚህ ትንሹም ልጅ ሊበላው ይችላል። አልፎ አልፎ ሳህኑ ቅል ነው፤ ይዘሽ የምትሄጂ ከሆነ ግን በክዳን ዕቃ ያደርጉልሻል። ጨው ለለመደ ምላስ መጀመሪያ ለዛ ቢስ ሊመስል ይችላል፤ እማማ ትንሽ ሚጥሚጣ በከረጢት ቢይዙ ነገሩ ሁሉ ይስተካከላል። ሚጥሚጣውን ሻጩም ቢቀምሰው ደስ ይለዋል፤ አንዴ ቀማምሰን ለሰዓት ስናወራ ቆይተናል።

የኢታል ቤቶች ትንንሽ ናቸው፤ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም የተቀባ የእንጨት ክፍልና ሁለት አግዳሚ ወንበር። መሀል ከተማ ገበያው አካባቢ ጠይቂ፤ ሾፌሩም ያውቃል። ከኢትዮጵያ መምጣታችሁን ከሰሙ ነገሩ ከምግብ ያልፋል። እጅ የሚነሱ፣ ዓይናቸው እንባ የሚያቀርር አሉ። ስለ ጃንሆይ ያላቸው እምነት ከእናትሽ እምነት ጋር የተለያየ ነው፤ እዚያ መንገድ ዳር ላይ መከራከር አያስፈልግም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በጃማይካ ከ1970 ጀምሮ አለች፤ አንዳንዶቹ ሲያወሩ የተጠመቁ ምእመናን ሆነው ታገኛቸዋለሽ፤ እማማም የጾሙን ነገር ሳያስረዱ ይግባባሉ።

ማታ ማታ የሚሸጠው ጀርክ ነው። ጀርክ በቅመም ተለውሶ ያደረ ስጋ በፒሜንቶ እንጨት ጭስና ፍም ላይ ቀስ ብሎ የሚበስል ነው። አሠራሩ ከባርነት አምልጠው ተራራ የገቡት ማሩኖች ያቆዩት ነው። ስመ ጥሩ ቦታ በምሥራቅ ፖርትላንድ ያለው ቦስተን ቤይ ቢሆንም፣ ከናንተ ማረፊያ ደሴቱን አቋርጦ መሄድ ስለሆነ ከልጆች ጋር አልመክርሽም። ለናንተ የሚቀርበው ስኮቺስ የተባለው ጀርክ ቤት ነው፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ምሥራቅ በፋልማውዝ መንገድ ላይ። ስጋው በእንጨቱ ላይ ተዘርግቶ በቆርቆሮ ተከድኖ ይበስላል፤ ቆርቆሮው ሲነሳ ጭሱ ዓይን ያስጨፍናል። ሩብ ወይም ግማሽ ዶሮ ብለሽ ታዢያለሽ፤ በፎይል ጠቅልለው ይሰጡሻል። ለእናትሽ እዚያው ፍም ላይ የተጠበሰ ቦዬና ብሬድፍሩት አለ። ብሬድፍሩት ጭንቅላት የሚያህል ፍሬ ነው፤ ሲጠበስ ውስጡ በድንችና በዳቦ መካከል ያለ ይሆናል፤ እሳቸው ይወዱታል። ፌስቲቫል የሚሉት ረዥም የበቆሎ ዱቄት ጥብስ ልጆቹን ያስደስታል፤ ወተት ሊኖርበት ስለሚችል ለጾመኛ ጠይቂ።

ጀርክ ቤት ያለው አንድ ጥንቃቄ የአሳማ ነገር ነው። አብዛኛው ቤት ዶሮና አሳማ በአንድ ፍም ላይ፣ በአንድ የእንጨት መክተፊያ፣ በአንድ መጥረቢያ ነው የሚሠራው። ይህ የሚከብዳችሁ ከሆነ ዶሮ ብቻ የሚሸጡትን ያዙ፤ እነሱም ደግሞ የኔ ምርጫዎች ናቸው። ዓርብና ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ በየመንገዱ ጥግ የዘይት በርሜል ለሁለት ሰንጥቀው፣ እግር አበጅተው፣ ክዳን ሠርተው፣ ከሰል አንድደው ዶሮ የሚጠብሱ ሰዎች ይቆማሉ። ፓን ቺክን ይባላል። ሰውየው ክዳኑን ያነሳል፣ ጭሱ የመንገድ መብራቱን ይሸፍናል፤ ሩቡን ዶሮ በመቆንጠጫ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ያኖረዋል፣ በትልቅ ቢላ አራት አምስት ጊዜ ጧ ጧ ያደርገዋል፣ ፎይል ላይ ያፈሰዋል፤ «ፔፐር?» ይልሻል፤ እሺ ካልሽ ያቃጥልሻል፣ ለትንሹ ኬቻፕ ብቻ በይ። ሁለት ቁራጭ ጠንከር ያለ ነጭ ዳቦ ከላይ ጣል አድርጎ ይጠቀልለዋል። ዳቦው መረቁን ጠጥቶ ሲወጣ ከዶሮው እኩል ይጣፍጣል። የበሰለ መሆኑን አጥንቱ አጠገብ ተመልከቺ፤ ቀይ ካየሽ መልሰሽ ስጪው፣ ሳይከፋው ፍሙ ላይ ይመልሰዋል።

ወደ ባሕሩ ለምትይዙት ቀን ደግሞ ኤስኮቪች ዓሣ አስቢ። የተጠበሰ ዓሣ ላይ በኮምጣጤ የራሰ ሽንኩርት፣ ካሮትና ቃሪያ ይደረግበታል። ኮምጣጤው ስላለበት ቀዝቅዞም ይበላል፤ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ለመብላት ከሩዝ ሳጥን ይልቅ ይመቻል። አብሮት ባሚ ይምጣ፤ ባሚ ከካሳቫ ዱቄት የተሠራ ክብ ጠፍጣፋ ቂጣ ነው፣ የደሴቲቱ የቀድሞ ሕዝቦች ከስፔኖች በፊት ይበሉት የነበረ። ለእናትሽ ባሚ ብቻውን ጾም ነው፤ በላም ወተት ነክረውት እንዳይሆን፣ የጠበሱትም በዘይት ወይስ በቅቤ እንደሆነ አረጋግጪ፣ ዘይቱም ዓሣ የተጠበሰበት እንዳይሆን። በየባሕሩ ዳር ለጋ ኮኮናት የሚሸጥ ሰው አለ፤ ውሃውን ከጠጣችሁ በኋላ ፍሬውን እንዲሰነጥቅላችሁ ጠይቁት፣ ከልጣጩ ማንኪያ ቀርጾ ይሰጣችኋል፣ ነጩን እየፋቁ መብላት ነው።

አሁን የበዓሉ ቀናት። ይህን ባትይዢ ልጆቹ ጦማቸውን ያድራሉ። ዲሴምበር 25 የጃማይካ ገና ነው፤ ኩክሾፕ አይከፈትም፣ ፓቲ ቤቱም አብዛኛው ይዘጋል፣ ሁሉም ቤቱ ነው። 26ም በዓል ነው። ስለዚህ 24 ቀን ጠዋት ለሁለት ቀን የሚበቃ ግዙ፤ ዳቦ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ አቮካዶ ካገኛችሁ፣ ኦቾሎኒ፣ ለፍስክ ተመጋቢዎቹ አይብ፤ ሱፐርማርኬት የሞቀ ምግብ የሚሸጥበት ክፍል ካለው ለ25 የሚሆን ሁለት ሳጥን።  በ24 ማታ ደግሞ ግራንድ ማርኬት የሚሉት የዋዜማ ገበያ አለ፤ መሀል ከተማው መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ልጆች ፊሽካና አሻንጉሊት ይገዛሉ፣ ሾርባና የተጠበሰ በቆሎ በየጥጉ ነው። የከተማው አደባባይ ሳም ሻርፕ ይባላል፤ በ1831 ገና ሰሞን በዚያ ምዕራብ ክፍል ለተነሳው የባሪያዎች አመጽ መሪ የተሰየመ ነው። ልጆቹ የተጠበሰ በቆሎ እየበሉ ያን ብትነግሪያቸው ጥሩ ነው።

በዚያ ወቅት በተለይ የሚመጡ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ጉንጎ የተባለው አተር ነው፤ ሩዙ በቀይ ቦሎቄ ፈንታ በእሱ ይበስላል፣ መዓዛው ይለያል። ሌላው ሶረል ነው። ሶረል ከከርከዴ አበባ ከዝንጅብል ጋር የሚዘፈዘፍ ቀይ መጠጥ ነው፤ ከርከዴ ሻይ የምትወድ እናት ካለችሽ ሁለት ጠርሙስ ግዢላት። ለልጆቹ ከመስጠትሽ በፊት ግን ሩም ገብቶበት እንደሆነ ጠይቂ፤ በበዓል ሰሞን የሚጨምሩበት ብዙ ናቸው።

ስለ ገንዘብ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ150 እስከ 160 የጃማይካ ዶላር ይመነዘራል። የመንገድ ሻጩ የአሜሪካውን ይቀበልሻል፤ በራሱ ሂሳብ ግን ነው፣ መልሱም አይገኝለትም። ትንንሽ የጃማይካ ብር ያዢ። ትልልቅ ቤቶች 15 በመቶ ግብርና አንዳንዴ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ ኩክሾፕና በርሜል ላይ የተጻፈው ዋጋ ያው የምትከፍይው ነው። ስስ ፌስታል ከ2019፣ የአረፋ ሳጥን ከ2020 ወዲህ በሕግ ተከልክሏልና የጨርቅ ዘንቢል አትርሺ፤ ካልያዝሽ አራት የሞቀ ሳጥን በእጅሽ ደራርበሽ ትሄጃለሽ። ታክሲ ስትይዙ ቀይ ታርጋ ያለውን ብቻ፤ ከመግባታችሁ በፊት ዋጋውን ተስማሙ።

አንድ የሚያሳዝን ነገርም ልጨምር። ኦክቶበር 28 ቀን 2025 ሜሊሳ የተባለው አውሎ ነፋስ በምዕራብ ጃማይካ በኩል ሲገባ ከሁሉ የከፋውን ደረጃ ይዞ ነበር። ብዙ የመንገድ ሻጮች ጣራቸውን፣ ድስታቸውን፣ በርሜላቸውን አጥተዋል። ስለዚህ እኔ የጠቀስኩት ቦታ ተዘግቶ ወይም ሌላ ቦታ ተዛውሮ ቢጠብቅሽ አትገረሚ፤ ከመሄዳችሁ በፊት ደውዪ፣ ወይም ሾፌሩን ጠይቂ። አንድ ሳጥን ከትልቅ ሆቴል ይልቅ ከኩክሾፕ ስትገዢ ገንዘቡ በዚያው ቀን ለቆርቆሮና ለምስማር ይውላል። አብሬያቸው ስለሠራሁና ስለበላሁ ይህን ሳልለው ማለፍ አልቻልኩም።

ለመመለሻው ቀን፣ 29 ጠዋት፣ ለአውሮፕላኑ ፓቲ ግዙ፤ ሳይሞቅም ይበላል። ለእማማ ፎይል ውስጥ ባሚና የተጠበሰ ፕላንቴን ይያዝላቸው። ከስጋው የተረፈ ካለ ከመውረዳችሁ በፊት ጨርሱት፤ የአሜሪካ ጉምሩክ ስጋ ያለበትን ምግብ ሊወስድባችሁ ይችላል፤ የቀረውንም ምግብ ሁሉ ስትገቡ አስመዝግቡ።